ሙቀት ጽኑዕን ሲያላላ፦ የቴርሞኤሌክትሪክ ሰሌዳን ከሩዝ ገለፈት ምድጃ ጋራ ለማዋሐድ የተጻፈ መመሪያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው ታላቅ ጎዳና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልድያ ከሚያቀናው መንገድ ጋራ በሚገናኝባት በወረታ ከተማ፣ በየሩዝ መፈልፈያው ደጃፍ የሚከመረው ገለፈት ካልተፈለፈለው ሩዝ ክብደት ከአምስት እጅ አንዱን የሚያህል መሆኑን፣ አንዱም ኪሎ ሲነድ ከ13 እስከ 15 ሜጋጁል የሚደርስ ሙቀት የሚሰጥ መሆኑን ላወቀ ሰው፣ ይህ ሁሉ ኃይል በከንቱ ወደ አየር ሲወጣ ማየት እጅግ የሚያስቆጭ ነገር ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ከዚያ ከሚባክነው ሙቀት ጥቂቱን ወደ ኤሌክትሪክ ለውጠው፣ በፎገራ ሜዳ ውስጥ ከኤሌክትሪክ መስመር ርቆ በሚገኝ ቤት አንዲት መብራት ለማብራትና ስልክ ለመሙላት ለሚያስቡ ሰዎች፣ ይልቁንም ለሳይንስ መምህራንና የብረት ሥራ ለለመዱ ወጣቶች ነው። ስለ ሽቦው አገጣጠምና ስለ ባትሪው ብዙ አልናገርም፤ ይህን የሚያስተምር በየከተማው አይጠፋምና። እኔ የምጽፈው ብዙዎች ስለሚዘነጉት ነገር፣ ይኸውም ሙቀት የሰሌዳውን ግትርነትና መጠን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ለውጡም ሰሌዳውን እንዴት እንደሚሰብረው፣ ስብራቱስ በምን ብልሃት እንደሚከለከል ነው።

በገበያ በብዛት የሚገኘው የቴርሞኤሌክትሪክ ሰሌዳ በጎንና በጎን 40 ሚሊሜትር የሆነ፣ ከአሉሚና በተሠሩ ሁለት ስስ ነጭ ገጾች መካከል 127 ጥንድ፣ ማለት 254 ጥቃቅን ምሰሶዎች ተደርድረው በመዳብ ድልድይና በብየዳ የተያያዙበት ዕቃ ነው። አንዱ ገጽ ሲሞቅና ሁለተኛው ሲቀዘቅዝ በምሰሶዎቹ ውስጥ የኤሌክትሪክ ግፊት ይፈጠራል፤ ይህንንም ምሥጢር ዛሬ ታሊን በምትባለው በሬቫል ከተማ የተወለደው ቶማስ ዜቤክ እ.ኤ.አ. በ1821 ገልጦታል። ነገሩ ለድኻ ቤት የማይሆን ረቂቅ ጥበብ መስሎ እንዳይታይ፣ በሶቪየት ኅብረት አገር በአብራም ዮፌ መሪነት የተደረገው ምርምር በ1950ዎቹ ፈረንጅ ዓመታት ኤሌክትሪክ ላልደረሳቸው መንደሮች በላምባ ፋኖስ ሙቀት ራዲዮ የሚያሠራ መሣሪያ አበርክቶ እንደ ነበረ ማስታወስ ይበቃል። የዚሁ አገር መምህራንና መሐንዲሶች ረድተው በ1955 ዓ.ም. በባሕር ዳር የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ሲቋቋም፣ የፋኖሱ ኤሌክትሪክ በዚያ አገር ገጠር ገና በሥራ ላይ የነበረ ነገር ነው።

እንግዲህ ሰሌዳውን የሚገድለው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የእሳቱ ብርታት ይመስለዋል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1977 ወደ ጠፈር የተላኩት ሁለቱ የቮዬጀር መንኮራኩሮች ከሲሊከንና ከጀርማኒየም የተሠሩ ምሰሶዎችን በ1,000 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ላይ አኑረው በአሥር አሥር ዓመት የሚቈጠር ዘመን ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ኖረዋል፤ ምክንያቱም በውስጣቸው ያለው የፕሉቶኒየም ሙቀት ከዓመት ወደ ዓመት በዝግታ ከመቀነሱ በቀር የማይጠፋና የማይለኰስ ስለ ሆነ፣ ምሰሶዎቹ ድንገት የመስፋትና የመጥበብ ፈተና አልገጠማቸውም። የእኛ ምድጃ ግን በቀን ሦስት ጊዜ ቢለኰስ በዓመት ከ1,000 ጊዜ በላይ ይሞቃል፣ ከ1,000 ጊዜ በላይም ይቀዘቅዛል። የሙቀቱ መውጣትና መውረድ ነው እንጂ ሙቀቱ ብቻውን አይደለም ሰሌዳውን የሚፈጀው፤ ከዚህ በታች የሚነገረው ሥርዓት ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር የሚመነጭ ነው።

በጽኑዕ አካል ውስጥ ያለ አተም ሁሉ በመሳሳብና በመገፋፋት መካከል በሚገኝ ሚዛን ከጎረቤቱ ጋራ ተሳስሮ ይኖራል። ሁለቱ ሲቀራረቡ መገፋፋቱ በፍጥነት የሚበረታ፣ ሲራራቁ ግን መሳሳቡ በዝግታ የሚደክም ስለ ሆነ፣ ሙቀት ጨምሮ አተሙ በሰፊው በተንቀጠቀጠ መጠን አማካይ ስፍራው ወደ ውጭ ያዘነብላል። ከዚህም ከአንዱ ምክንያት ሁለት ውጤቶች ይወለዳሉ፤ የመጀመሪያው አካሉ መስፋቱ ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ማሰሪያው መላላቱ፣ ማለት ሲጫኑት ወይም ሲስቡት የሚያሳየው ግትርነት መቀነሱ ነው። መሐንዲሶች ይህን ግትርነት የያንግ ሞዱለስ በሚባል ቍጥር ይለኩታል፤ የብረት 200 ጊጋፓስካል፣ የአሉሚኒየም 70፣ በሰሌዳዎቹ ውስጥ በብዛት የሚገኘው የቢስሙት ቴሉራይድ ግን ከ40 እስከ 50 ጊጋፓስካል ገደማ ነው። እነዚህ ቍጥሮች በክፍል ሙቀት የተለኩ ናቸው፤ ሙቀቱ ሲጨምር ከሞላ ጐደል ቀጥ ባለ መስመር ቍልቍል ይወርዳሉ።

ይህን በመጽሐፍ ብቻ አንብበው እንዲያምኑኝ አልፈልግም፤ በጆሮዎ ሊሰሙት ይችላሉና።

በመጀመሪያ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩበት ቤት ጠፍጣፋ ዘንግ ይግዙና 30 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 25 ሚሊሜትር ወርድ፣ 6 ሚሊሜትርም ውፍረት እንዲኖረው በመጋዝ ያስቈርጡ፤ የተቈረጠውንም ጠርዝ በሞረድ ያስተካክሉ። ከዚያም ከሁለቱም ጫፎች 67 ሚሊሜትር ገባ ብለው ምልክት ያድርጉና በምልክቶቹ ላይ በጥጥ ክር አስረው ዘንጉን በአግድም ያንጠልጥሉት። ይህ ስፍራ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ዘንጉ ሲመታ መካከሉና ሁለቱ ጫፎቹ ሲርገበገቡ፣ ከርዝመቱ በ0.224 እጅ ርቀት ላይ ያሉት ሁለት ነጥቦች ግን ጸጥ ብለው ስለሚቆዩ፣ በእነርሱ ላይ የታሰረ ክር ድምፁን አያፍነውም። መካከሉን በትንሽ እንጨት ቀስ ብለው ይምቱና በስልክዎ ላይ የድምፅን ድግግሞሽ የሚለካ መተግበሪያ ከፍተው ቍጥሩን ይጻፉ። ዘንጉ በተባለው ልክ የተቈረጠ ከሆነ በሰከንድ 346 ገደማ ያገኛሉ። በገዳማትና በአድባራት የሚመታው የድንጋይ ደወል ድምፁን የሚያገኘው ከዚሁ ሕግ ነው፤ የድንጋዩ ግትርነት ከክብደቱና ከቅርጹ ጋራ ተባብሮ ድምፁን ይወስናል።

ቀጥሎ ዘንጉን ሙሉ በሙሉ በሚያስጠልቀው ዕቃ ውስጥ ውኃ አፍልተው ዘንጉን ለዐሥር ደቂቃ ያኑሩት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ መጻሕፍቱ ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል የሚሉት በባሕር ወለል ላይ ላለ ሰው ሲሆን፣ ወረታ ግን ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ በእርስዎ ድስት ውስጥ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ በመዝገብዎ ላይ 94 ብለው ይጻፉ። ዘንጉን አውጥተው በፍጥነት በጨርቅ ያድርቁ፣ በክሩ ላይ ያንጠልጥሉ፣ ዐሥር ሰከንድ ሳይሞላ ይምቱ፤ ይህ መጠን ያለው አሉሚኒየም በአየር ላይ አንድ ዲግሪ ለመቀዝቀዝ አምስት ሰከንድ ያህል ስለሚፈጅበት ከቸኰሉ ስሕተቱ ጥቂት ነው። ድምፁ ከ346 ወደ 340 ገደማ መውረዱን ያያሉ። ጆሮው በቅኝት የሠለጠነ የበገና ወይም የክራር ሰው ያለ መሣሪያም ይህን መውረድ ሊያውቀው ይችላል።

ግትርነት የሚለወጠው በድግግሞሹ ሬሾ ካሬ ስለ ሆነ፣ 340ን ለ346 አካፍለው ውጤቱን በራሱ ያባዙት፤ 0.966 ያህል ያገኛሉ። ማለት በ70 ዲግሪ የሙቀት ጭማሪ አሉሚኒየሙ ከግትርነቱ ከመቶ ሦስት ተኩል እጅ ገደማ አጥቷል። የዘንጉ መስፋት በስሌቱ ውስጥ የሚጨምረው ለውጥ ከሺህ ሁለት እጅ እንኳ ስለማይሞላ ሊተዉት ይችላሉ። ቴርሞሜትር የሌለው መምህር ሌሎች ሁለት የታወቁ ነጥቦችን መጨመር ይችላል፤ አንዱ ከማቀዝቀዣ የወጣ በረዶ እየቀለጠ ያለበት ውኃ ሲሆን እርሱ ዜሮ ዲግሪ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ጧፍ የሚሠራበት ንጹሕ የንብ ሰም የሚቀልጥበት ነጥብ ነው፤ ከዘንጉ ጋራ ውኃው ውስጥ በትንሽ ጣሳ የተቀመጠ ሰም፣ ውኃው ቀስ ብሎ ሲሞቅ መቅለጥ በጀመረበት ጊዜ ውኃው 63 ዲግሪ ገደማ ደርሷል። አራቱን ልኬቶች ካሬ ባለው ወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ቢያኖሩ፣ ተማሪዎችዎ የመስመሩን መውረድ በዓይናቸው ያዩታል፤ ከዚያ ወዲያ ስለ አተም መላላት የሚነገራቸው ነገር ባዶ ቃል አይሆንባቸውም።

በሰሌዳው ውስጥ ያሉትን ምሰሶዎች እንዲህ መምታት አይቻልም፤ ቁመታቸው አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ብቻ ነውና። በትልልቅ ቤተ ሙከራዎች ግን ጆሮ በማይሰማው ድምፅ እያስነዘሩ በምድጃ ውስጥ የሚለኩት በዚሁ መንገድ ነው፤ ከአንዲት ትንሽ ቍራጭ የሚሰበሰቡት ብዙ ድግግሞሾች በየአቅጣጫው ያለውን ግትርነት በአንድነት ይገልጣሉ። አቅጣጫ ማለቴም ያለ ምክንያት አይደለም። ቢስሙት ቴሉራይድ በአምስት በአምስት የአተም ንጣፎች የተደራረበ ሲሆን፣ በየአምስቱ መካከል ያለው ማሰሪያ እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ በንጣፎቹ አንጻር በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ የሚሰፋውም በእኩል መጠን አይደለም። ስለዚህ ሰሌዳ ሲገዙ ምሰሶዎቹ ከዱቄት ተጨምቀው የተሠሩ መሆናቸውን መጠየቅ ይገባል፤ የተጨመቀው ዱቄት የንጣፎቹን አቅጣጫ ስለሚያደባልቅ በአንድ አቅጣጫ ከቀዘቀዘው ቅልጥ ይልቅ ስብራትን ይታገሣል።

ሌላው መጠየቅ ያለበት ነገር የብየዳው ዓይነት ነው፤ በዚህ ላይ ቸልተኛ የሆነ ሰው ገንዘቡን በአንድ ማታ ያጣል። በርካሽ የሚሸጡት፣ ለማቀዝቀዣ ተብለው የተሠሩት ሰሌዳዎች ብዙ ጊዜ የሚበየዱት በ138 ዲግሪ በሚቀልጥ የቲንና የቢስሙት ቅይጥ ነው። ሻጩ ስለ ብየዳው የማያውቅ ከሆነ ሰሌዳው እንደዚህ ነው ብለው ይያዙትና ትኩሱ ገጽ ከ120 ዲግሪ እንዳያልፍ ያድርጉ። ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ተብለው የተሠሩት 200 ዲግሪና ከዚያም ጥቂት በላይ ይችላሉ። ከቢስሙት ቴሉራይድ ውጪ ያሉት፣ ለምሳሌ ሊድ ቴሉራይድ፣ እስከ 500 ዲግሪ ድረስ የሚሠሩ ቢሆኑም ሊዱ መርዝ ስለ ሆነ ለቤት ምድጃ አልመክራቸውም። የመዳብ ሴሌናይድን ደግሞ ስሙን ሰምተው እንዳይጓጉ፤ በ130 ዲግሪ አካባቢ የውስጥ ሥርዓቱ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ስለሚዞር፣ ግትርነቱና መጠኑ ከላይ የተናገርኩትን ቀጥተኛ መስመር ትተው በድንገት ይለወጣሉ፤ በየማታው የሚለኰስ ምድጃ ያንን ድንበር በእያንዳንዱ እሳት ወደ ላይና ወደ ታች ያስተላልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 በሊቃውንት ዘንድ ታላቅ ስም ያገኘው ቲን ሴሌናይድም ተመሳሳይ መዞሪያ አለው፤ የእርሱ ግን በ530 ዲግሪ አጠገብ ስለ ሆነ የእኛን ምድጃ አይመለከትም።

አሁን ወደ ስሌቱ እንምጣ፤ ረዥም አይደለም። ትኩሱ ገጽ 200 ዲግሪ፣ ቀዝቃዛው 60 ዲግሪ ይሁን። አሉሚና ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከሚሊዮን ሰባት እጅ ያህል ስለሚሰፋ፣ 40 ሚሊሜትሩን በ140 ዲግሪና በ0.000007 ቢያባዙት፣ ትኩሱ ገጽ ከቀዝቃዛው በ0.04 ሚሊሜትር ገደማ በልጦ መስፋቱን ያገኛሉ፤ በእያንዳንዱ ጠርዝ 0.02 ሚሊሜትር ማለት ነው። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን ቁመቱ 1.6 ሚሊሜትር የሆነ ምሰሶ ራሱ በ0.02 ሚሊሜትር ከእግሩ ተንሻፎ ሲቆም፣ መንሻፈፉ ከመቶ አንድ እጅ ይበልጣል፤ ቢስሙት ቴሉራይድ ሳይሰበር የሚታገሠው ደግሞ ከሺህ ጥቂት እጅ ብቻ ነው። ምሰሶዎቹ በመጀመሪያው እሳት የማያልቁት፣ ገጾቹ ጥቂት ስለሚጐብጡና ብየዳው በሙቀት ለስልሶ የመንሻፈፉን ትልቁን ክፍል ስለሚሸከም ነው። ብየዳው ግን በየእሳቱ ወዲያና ወዲህ ሲጐተት ይደክማል፤ ድካሙም ቀድሞ የሚታየው ከመካከል ርቀው በማዕዘን በቆሙት ምሰሶዎች ላይ ነው። ከዚህ የተነሣ ብዙ ኃይል ቢፈልጉ አንድ ሰፊ ሰሌዳ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ትንንሾችን ጎን ለጎን ማኖር የተሻለ መሆኑን ይረዳሉ።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ፣ ሙቀት ግትርነትን የሚቀንስ ከሆነ ጫናውንስ አይቀንስምን ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም አዎን፣ ይቀንሳል የሚል ነው። ጫና የግትርነትና የመንሻፈፍ ብዜት ስለ ሆነ፣ በክፍል ሙቀት በተለካ ግትርነት የሚያሰላ ሰው ጫናውን ከእውነተኛው በጥቂት አብልጦ ይገምታል፤ ለቤት ምድጃ ይህ ስሕተት ወደ ጥንቃቄ የሚያዘነብል ስለ ሆነ አይጐዳም። እስከ 500 ዲግሪ በሚሠሩ ሰሌዳዎች ግን የግትርነቱ መቀነስ ቸል የማይባል ይሆናል፤ በዚያም ላይ የምሰሶው ትኩስ ጫፍ ከቀዝቃዛው ጫፍ ይልቅ የላላ ስለሚሆን፣ መንሻፈፉ በምሰሶው ላይ እኩል አይከፋፈልም። ሊቃውንቱ በየዲግሪው የሚለኩት ስለዚህ ነው።

ከስሌቱ ወደ ሥራው ስንሻገር፣ ከሁሉ የሚበልጠው የማጥበቂያው ጉዳይ ነው። ሰሌዳው በእሳቱ በኩል ሙቀቱን በሚቀበለው ወፍራም የአሉሚኒየም ግንድና በሌላው በኩል በሚያቀዘቅዘው የውኃ ዕቃ መካከል በብርቱ ካልተጨነቀ ሙቀት በደንብ አያሳልፍም፤ የሚበቃውም ጭነት ለእያንዳንዱ ካሬ ሚሊሜትር አንድ ኒውተን፣ ለጠቅላላው ሰሌዳ 1,600 ኒውተን፣ ማለት 160 ኪሎ ያህል ነው። በሁለት ቡሎን ሲከፈል ለእያንዳንዱ 80 ኪሎ ይደርሰዋል። ብዙ ሰው ዳዶውን እስከሚችለው አጥብቆ ይሄዳል፤ ይህ ግን ሰሌዳውን በራስ እጅ ማድቀቅ ነው። አሉሚኒየም ለአንድ ዲግሪ ከሚሊዮን 23፣ የብረት ቡሎን ግን ከሚሊዮን 12 እጅ ብቻ ስለሚሰፋ፣ 40 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ግንድ በ100 ዲግሪ ሲሞቅ ከቡሎኑ በ0.044 ሚሊሜትር ይበልጣል። ይህን ትርፍ የሚሸከም ሌላ ነገር ከሌለ፣ ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን በግትርነቱ የሚመልሰው ኃይል እስከ 4,000 ኒውተን ሊደርስ ይችላል፤ ሁለቱ ሲደመሩ ከሚፈለገው አምስት እጥፍ ያህል ነው። እሳቱ ሲጠፋ ደግሞ ጭነቱ ይረግባል፤ ሰሌዳውም በቀን ሦስት ጊዜ ሲጨፈለቅና ሲለቀቅ ይኖራል።

መድኃኒቱ ሞላ ነው። በእያንዳንዱ ቡሎን ራስ ሥር ብርቱ ሞላ ያኑሩ፤ ነገር ግን በቀዝቃዛው በኩል እንጂ በእሳቱ በኩል አይሁን፤ የሞላው ብረት ራሱ በሙቀት ይላላልና፣ እጅግ ከሞቀም ተጭኖ ቀርቶ ወደ ቁመቱ አይመለስም። የሞላውን ኃይል ለማወቅ የሚያስፈልገው መሣሪያ በወረታ በየመጋዘኑ ይገኛል። አራት አንድ ዓይነት ሞላዎችን በጠንካራ ወለል ላይ በአራት ማዕዘን አቁመው ወፍራም ሳንቃ ያኑሩባቸው፤ በሳንቃው ላይ ሁለት ኩንታል ሩዝ ቀስ ብለው ይጫኑ፤ እያንዳንዱ ሞላ 50 ኪሎ ደረሰው ማለት ነው። ሳንቃው የወረደበትን መጠን በካሊፐር ይለኩ። ለምሳሌ 1.2 ሚሊሜትር ከወረደ፣ በ80 ኪሎ የሚወርደው በተመጣጣኝ 1.9 ሚሊሜትር ይሆናል። የተለመደው ባለ 6 ሚሊሜትር ቡሎን ዳዶው አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር አንድ ሚሊሜትር ስለሚገፋ፣ በእጅ እስኪነካ ካጠበቁ በኋላ በመፍቻ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ማቆም ነው። እንዲህ ከሆነ ያ የ0.044 ሚሊሜትር ትርፍ በሞላው ላይ የሚጨምረው 18 ኒውተን ያህል፣ ማለት ከመቶ ሁለት እጅ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሁለቱን ዳዶዎች በየሩብ ዙር እያፈራረቁ ያጥብቁ፤ አንዱን ጨርሰው ወደ ሁለተኛው ከሄዱ ሰሌዳው በአንድ ጠርዙ ይሰነጠቃል።

ከማጥበቁ በፊት የሁለቱ ብረቶች ገጽ ልሙጥ መሆን አለበት። የአሸዋ ወረቀት በመስታወት ላይ ዘርግተው ገጹን በላዩ በክብ ይፈትጉት፤ በብረት ማስመሪያ ጠርዝ ሥር ብርሃን እስካላለፈ ድረስ በቅቷል። ሙቀት የሚያሳልፈውን ቅባት በስሱ ይቀቡ፤ በፎገራ ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን በሚያጥለቀልቁበት ወራት አየሩ እጅግ እርጥብ ስለሚሆን፣ የሰሌዳውን አራት ጠርዞች ሙቀት በሚችል ሲሊኮን መዝጋት እንዳይረሱ።

ከዚህ በኋላ የመጀመሪያው እሳት ይመጣል። አዲስ የሸክላ ምጣድ ገዝታ በዕለቱ በብርቱ እሳት የምትጥድ ሴት በአገራችን የለችም፤ በለዘብታ እሳት ታሟሸዋለች እንጂ፤ ሰሌዳውንም እንደዚሁ ማሟሸት ይገባል። ምንጊዜም ውኃው ከእሳቱ ይቅደም፤ የቀዝቃዛው በኩል ዕቃ ባዶ ሆኖ እሳት ከተለኰሰ ሁለቱም ገጾች አብረው ይግላሉ፣ ብየዳውም ይፈታል። ውኃ እስካለ ድረስ ግን ያ ገጽ ከ94 ዲግሪ እጅግ ርቆ ሊሄድ አይችልም፤ ውኃ በወረታ ከዚያ በላይ አይሞቅምና። ቴርሞኮፕል ያለውን ቴስተር በግንዱ ውስጥ በተቦረቦረ ቀዳዳ አስገብተው፣ በመጀመሪያው ቀን ትኩሱን በኩል እስከ 60 ዲግሪ አድርሰው ሩብ ሰዓት ያህል ያቆዩትና በራሱ ጊዜ እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ በማግስቱ እስከ 100፣ በሦስተኛው ቀን እስከ 150፣ በአራተኛው ቀን ሰሌዳው የሚፈቅድ ከሆነ እስከ 200 ይውጡ። ብየዳው ያልታወቀው ሰሌዳ ግን ከ120 ማለፍ የለበትም። በየደረጃው ሙቀቱ በደቂቃ ከአምስት ዲግሪ በበለጠ እንዳይወጣ ይጠብቁ፤ ይህ ቍጥር ሕግ ሆኖ የተጻፈ ሳይሆን የእኔ የጥንቃቄ ምክር ነው።

የሩዝ ገለፈት እሳት አንድ ጠባይ እንዳለው የወረታ ሰው ሳይነገረው ያውቃል፤ ሲያያዝ በድንገት ይነዳል፣ ከክብደቱም ከአምስት እጅ አንድ ያህሉ አመድ ሆኖ ይቀራል። አመዱ አብዛኛው ሲሊካ ስለ ሆነ በምድጃው ውስጥ ተቈልሎ ሲቀር ሙቀቱን ይጋርዳል፤ በየእሳቱ ይጠረግ። ድንገተኛውን ነበልባል የሚያበርደው ግን በእሳቱና በሰሌዳው መካከል ያለው የብረት ብዛት ነው። ስለዚህ የ40 ሚሊሜትሩን የአሉሚኒየም ግንድ ለመቈጠብ ብለው በስስ ላሜራ አይለውጡት፤ ወፍራሙ ግንድ ሙቀቱን ተቀብሎ በዝግታ ስለሚያስተላልፍ የነበልባሉ መዋዠቅ ወደ ምሰሶዎቹ ለስልሶ ይደርሳል። እሳቱ ሲጠፋም ግንዱ ሙቀቱን እያከፋፈለ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል። እሳት ለማጥፋት በግንዱ ላይ ውኃ መርጨት ፈጽሞ አይገባም፤ ቤተ ሰቡ በተለይም ልጆቹ ይህን አስቀድመው እንዲያውቁ ያድርጉ። ሥርዓቱ ተጠብቆ በሁለቱ ገጾች መካከል የ100 ዲግሪ ልዩነት ሲገኝ፣ አንድ መልካም የማመንጫ ሰሌዳ ከ1 እስከ 2 ዋት ሊሰጥ ይችላል፤ ለአንዲት የኤል.ኢ.ዲ. መብራትና ለአንድ ስልክ በቂ ነው። ልዩነቱ በግማሽ ቢቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ስለሚወርድ፣ የሞቀውን ውኃ እየቀዱ ለማጠቢያ ማዋልና ቀዝቃዛ መተካት ራሱ ኤሌክትሪክ መጨመር ነው፤ ሲተኩ ግን ጥቂት በጥቂት ይሁን።

በመጨረሻ የሰሌዳውን ጤና በየሳምንቱ ይመርምሩ። ጠዋት እሳት ሳይነድ፣ ሁለቱም ገጾች በአንድ ሙቀት ላይ ሳሉ፣ ቴስተሩን በኦም ላይ አድርገው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ይለኩ፤ የቴስተሩንም እግሮች አገላብጠው እንደገና ይለኩና የሁለቱን አማካይ ይጻፉ። ገጾቹ በሙቀት ከተለያዩ ሰሌዳው የራሱን ኤሌክትሪክ ስለሚጨምር ልኬቱ ይሳሳታል፤ ማገላበጡም የቀረውን ጥቂት ስሕተት ያስወግዳል። 40 በ40 የሆነው የተለመደ ባለ 127 ጥንድ ሰሌዳ 2 ኦም አካባቢ ያሳያል፤ ዋናው ነገር ግን ቍጥሩ ራሱ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ልኬት ጋራ ያለው ልዩነት ነው፤ ስንጥቅ በምሰሶ ወይም በብየዳ ሲገባ ኤሌክትሪኩ የሚያልፍበት መንገድ ስለሚጠብ ኦሙ ይወጣል። ከመቶ ዐሥር እጅ ቢጨምር ሞላዎቹን ይመርምሩ፣ ዳዶዎቹ መላላታቸውን ይዩ፣ የእሳቱንም አነሣሥ ያርሙ። ከመቶ ሃያ ካለፈ ግን ሰሌዳውን ለመለወጥ ይዘጋጁ፤ ከዚያ ወዲያ የቀሩት ምሰሶዎች የተሰበሩትን ሸክም ስለሚወስዱ ጥፋቱ ይፈጥናልና። የተጣለውን ሰሌዳ ከፍቶ ለማየት መጓጓት የመምህር ተፈጥሮ ነው፤ ሲከፍቱ ጓንት ያጥልቁ፣ ቍርጥራጩን አይፍጩት፣ በእሳትም ውስጥ አይጣሉት፣ የቴሉሪየም ጭስ መርዝ ነውና፤ በተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ አድርገው ስሙን ጽፈው በቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ ያኑሩት እንጂ በሩዝ ማሳ አጠገብ አይቅበሩት።